ስቴንለስ ሽጉጤን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኩት፤ መልኩ ይመለስ ይሆን?

ጀማሪው_22 • ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ዝም ብል ግን የባሰ ላበላሸው ስለምችል ልናገር።

ከአጎቴ በሕጋዊ መንገድ የተላለፈልኝ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር አለኝ፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ። ከላይ እስከ ታች ስቴንለስ ነው። «ይሄ አይዝግም» ተብዬ ተረከብኩት፣ እኔም አመንኩ። ከነቆዳ ማህደሩ የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ወደ 8 ወር ሳላየው ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት ሳወጣው ጎኑ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። በርሜሉ ሥር ደግሞ የሻይ እድፍ የመሰለ ነገር አለ።

ደነገጥኩና ወጥ ቤት ገባሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አንስቼ ፈተግኩት። እድፉ ለቀቀ፣ ደስ አለኝ። መብራት ሥር ሳየው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ የተበጠረ ፀጉር ይመስል የነበረው ገጽ ድመት የቧጠጠችው ሆኗል። ይባስ ብሎ ከ4 ቀን በኋላ ነጠብጣቡ ተመልሶ መጣ። ያውም በዝቶ!

የማይዝግ ብረት እንዴት ይዝጋል? ጭረቱስ ይጠፋል? ወይስ አርፌ ልቀመጥ?


ቀይ_ቀለሃ • ቅዳሜ ማታ

ሌላው ሁሉ ይቆይና፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠሃል? ሲሊንደሩን ክፈት፣ ስድስቱንም ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ጥይቱ ደግሞ አንተ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ አይኑር። ስድብ እንዳይመስልህ። ሰው «እያጸዳሁት ነበር» ብሎ የሚጀምረውን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁ ነው።


ጀማሪው_22 • ቅዳሜ ማታ

ባዶ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። አመሰግናለሁ ወንድሜ።


ቁልፍ_ጠፋኝ • ቅዳሜ ሌሊት

ቀላል ነው ባክህ። በረኪና በውሃ በጥብጠህ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ ከዛ ድሬል ላይ የመወልወያ ጨርቅ ግጠምና አብራው። መስተዋት ይሆናል። እኔ ለመኪና ቸርኬ እንደዛ ነው የማደርገው።


ብረት_ሠሪው • እሁድ ጠዋት

ጀማሪው፣ ከላይ ያለውን ምክር እንዳትነካው። ቁልፍ_ጠፋኝ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ ግን በረኪና ለዚህ ብረት መርዝ ነው። ውስጡ ያለው ክሎሪን ልክ እንደ ላብና እንደ ጨው ብረቱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበሳዋል። ያ ደግሞ እድፍ አይደለም፣ ጉድጓድ ነው። አይታጠብም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ስሙ ነው ሰውን የሚያሞኘው። ስቴንለስ ዝገትን ይቋቋማል እንጂ ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም። ውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ዓይን የማያየው ሽፋን ይሠራል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ሲቧጠጥ በራሱ ይድናል፣ አየር እስካገኘ ድረስ። አንተ ያደረግከውን ልንገርህ፦ እርጥበትና ላብ በጠጣ ቆዳ ጠቅልለህ አየር ከለከልከው። ቆዳው ራሱ ከማልፊያው የተረፈ ጨውና አሲድ ይኖረዋል። ሽፋኑ በምን ይዳን?

ሌላም አለ። «ማንኪያዬ 20 ዓመት ሙሉ አልዛገም፣ ሽጉጤ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ብረቱ አንድ አይደለማ። ማንኪያ ብዙ ጊዜ 304 ከሚባለው ዓይነት ነው፤ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። የሽጉጥ በርሜልና ስላይድ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል) ግን በብዛት 416 ከሚባለው ዓይነት ነው የሚሠራው። ክሮሚየሙ ከ12 እስከ 14 በመቶ ነው። ለመቁረጥ እንዲቀል ተብሎ ደግሞ ድኝ ይጨመርበታል። ድኙ ለማሽን ሠራተኛው ደስታ ነው፣ ለዝገት ግን በር ይከፍታል። በነገራችን ላይ 416ን ማግኔት ይይዘዋል። «ማግኔት ያዘው፣ ተታለልኩ» ብላችሁ ከሻጭ ጋር አትጣሉ።

ነጠብጣቡ ለምን ተመለሰ? ሽቦው ነው። ብዙው የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተራ ብረት ነው። ስትፈትገው ፍርፋሪው በጭረቱ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። አሁን የምታየው ዝገት ባብዛኛው የሽጉጡ ሳይሆን የሽቦው ነው። ይህ መልካም ዜና ነው።


የድሮ_ተኳሽ • እሁድ ቀን

ብረት_ሠሪው ደህና አድርጎ አስረዳ። ትንሽ ጨዋታ ልጨምር፣ ዕድሜ የሰጠኝ እሱን ነው።

ይህ ብረት ራሱ ከጠመንጃ ጋር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የሚባል የብረት ሊቅ የጠመንጃ በርሜል በሙቀት እየተበላ ሲያስቸግር ሌላ ብረት ይፈልግ ነበር። ክሮሚየም የበዛበት ብረት ሠራ። ያ ብረት ለበርሜል ሳይሆን መጀመሪያ ለገበታ ቢላዋ ዋለ! የአሜሪካው ሽጉጥ አምራች ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 60 የሚባለውን ስቴንለስ ሪቮልቨር ያወጣው በ1965 ነው። ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው።

አንተ ልጅ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሽጉጡ ድሮ ምን ዓይነት ገጽ ነበረው? ሳትቸኩል መልስልኝ። ሰው ሁሉ «በምን ልፈትገው?» ይላል። የሚቀድመው «ምን ነበር?» ነው።


ጀማሪው_22 • እሁድ ቀን

ጋሼ፣ ያልተነካው ቦታ ላይ በማጉያ መነጽር አየሁት። በርሜሉና ጎኑ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ከበርሜሉ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ግን ደብዛዛ ነው፣ መስመር የለውም።


የድሮ_ተኳሽ • እሁድ ማታ

ጎበዝ። መስመር ያለው የተቦረሸ ገጽ ይባላል። ከሁሉ ለማደስ የሚቀለው እሱ ነው፣ ዕድለኛ ነህ። ደብዛዛው ግን በአየር ግፊት ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ የተረጨበት ነው፤ ዓይንህ ላይ መብራት እንዳያንጸባርቅ ነው እንደዛ የሚደረገው። እሱን በእጅ መመለስ አይቻልም። በወረቀት ብትፍቀው መስመር ይወጣበታል፣ በክሬም ብታሸው ያብለጨልጫል። ስለዚህ እጅህን አንሳለት።

ሦስተኛው ዓይነት መስተዋት የሚመስለው ነው። ያንተ አይደለም፣ እንለፈው።


ብረት_ሠሪው • እሁድ ማታ

ጋሼ እንዳሉት ነው። አሠራሩን እኔ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ፍርፋሪውን አውጣ። እጀታውን ፍታ፣ በተለይ እንጨት ከሆነ። ብረቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በናይለን ብሩሽ እጠበው፣ አድርቀው። ከዛ ነጠብጣቡ ላይ የመሣሪያ ዘይት ጠብ አድርገህ አንድ ሰዓት ተወው። ቀጥሎ በናይለን ብሩሽ ወይም በነሐስ ሱፍ ቀስ ብለህ እሸው። ነሐሱ ቢጫ ነገር ቢተው አትደንግጥ፣ በማጽጃ ፈሳሽ ይለቃል። ቡናማው ከለቀቀና በጥፍርህ ስትዳስሰው ለስላሳ ከሆነ እድፍ ነበር። ጥፍርህን የሚይዝ ጥቁር ነጥብ ከቀረ ብረቱ ተበልቷል።

ከዛ መስመሩን መመለስ። ሽቦም የብርጭቆ ወረቀትም አይደለም የሚያስፈልግህ። ከናይለን ክር የተሠራው የማሻሻ ጨርቅ ነው፣ ስኮች-ብራይት የሚሉት። ብረት የለበትም። ቀለሙን እይ፦ ግራጫው ልስልስ ነው፣ ቀይ ዳማው ሻከር ይላል። የወጥ ቤቱን አረንጓዴ ተወው፤ ለዚህ ሥራ ይሻክራል። ሰው ሁሉ በኃይለኛው ይጀምራል። አንተ በግራጫው ጀምር። ካልበቃ ብቻ ቀይ ዳማውን ንካና በግራጫው ጨርስ።

ጨርቁን በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም በላጲስ ላይ ጠቅልለው። በጣትህ ከያዝከው ግፊቱ አንድ ቦታ ይበዛና ገጹ ይዋልላል። ጠርዞቹም ይሞታሉ። የሽጉጥ ውበት ጠርዙ ነው። ከድሮው መስመር ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሐል ላይ ሳትቆም ሳበው። መጨረሻ ላይ አንሳው። ወዲያና ወዲህ አታሽ፣ በክብ ደግሞ በጭራሽ።

ጽሑፉን፣ ማኅተሙንና መለያ ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ደብዛዛውንም ጠፍጣፋ እንደዚሁ። ቁጥሩ ላይ አልቀልድም፤ መለያ ቁጥር ማደብዘዝ በብዙ አገር ወንጀል ነው። «ሳጸዳው ጠፋ» ብሎ ነገር የለም።

የአፈሙዙን ጫፍ፣ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎችና ብረት ከብረት የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ አትንካ። እዛ ያለው ልክ እንጂ መልክ አይደለም።


ቁልፍ_ጠፋኝ • እሁድ ማታ

እሺ በረኪናውን ተሸነፍኩ። ድሬሉስ? ጨርቅ እኮ ነው።


ብረት_ሠሪው • እሁድ ማታ

ጨርቁ አይደለም ችግሩ፣ ፍጥነቱ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጽሑፉን ያለሰልስልሃል፣ የብሎኑን ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሳህን ያጎደጉደዋል። በእጅ ስታበላሽ ቀስ ብለህ ነው የምታበላሸው፣ ለማቆም ጊዜ አለህ።


ኢላማዋ • ሰኞ ጠዋት

ክሩን ሳየው አላስቻለኝም። ለውድድር ስለምተኩስ ሪቮልቨሬ በየሳምንቱ ይጠቁራል። ጀማሪው፣ ነገ ተነገ ወዲያ የሲሊንደሩ ፊት ላይ ያሉትን ስድስት ጥቁር ቀለበቶች ታይና ልታጠፋቸው ይከጅልሃል። ተዋቸው! ባሩድና እርሳስ ናቸው። ሦስቴ ስትተኩስ ይመለሳሉ። እነሱን የሚያጠፋው ቢጫ ጨርቅ ውስጡ ፈታጊ ዱቄት አለው። በየሳምንቱ ስትፈትግ ብረት ነው የምታነሳው። በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ብረት ባነሳህ ቁጥር እሱን ነው የምታሰፋው።

ያ ጨርቅ ጥቁር ቀለም የተነከረ ሽጉጥ ላይ ከዋለ ደግሞ ጥቁሩን ራሱን ይወስደዋል። አንድ ወዳጄ በዚህ አልቅሷል።


የሚያበራ_ብረት • ሰኞ ቀን

እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ሽጉጤን ቀለበት ይዞ ማየት አልችልም። 15 ደቂቃ በባሩድ ማጽጃ አርሰዋለሁ፣ በናይለን ብሩሽ እፈትጋለሁ። የቀረውን በብረት ማብሪያ ክሬም። 6 ዓመት አደረግኩት፣ ምንም አልሆነም።


ኢላማዋ • ሰኞ ቀን

ማርሰስ ምንም አይደለም፣ ማንም አልከለከለህም። እኔ የምለው ፍተጋውን ነው። ስድስት ዓመት ስንት ጊዜ ተኮስክበት?


የሚያበራ_ብረት • ሰኞ ቀን

…በዓመት ሁለቴ 😅


ኢላማዋ • ሰኞ ቀን

አየህ!

ይልቅ ከፊቱ ቀለበት ይልቅ በውስጡ ያለው ነው የሚያሳስበኝ። ባለ .357 ማግነም ሪቮልቨር ላይ .38 ስፔሻል የሚባለውን አጠር ያለ ጥይት የሚተኩስ ካለ ልብ ይበል። የ.38 ቀለሃ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ያጥራል። ባሩዱ በቀዳዳው ውስጥ ቀለሃው ባለቀበት ቦታ ላይ ቀለበት ይሠራል። ከዛ ረዥሙን .357 ስትጎርስበት አልገባም ይላል፣ ከተኮስክም በኋላ አልወጣም ይላል። እዚህ ላይ ነው ነሐስ ብሩሽ ይዞ መፍተግ። መልክ ሳይሆን ሥራ ስለሆነ።

ጓንት ልበሱ፣ መስኮት ክፈቱ። ያ ጥቁር ነገር እርሳስ አለበት። በደረቅ ብሩሽ ስታራግፉት ትተነፍሱታላችሁ። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ በፍጹም።


ዝምተኛ_99 • ሰኞ ማታ

ከክሩ ሳልወጣ እኔም ልጠይቅ። የኔ ባለ ስላይድ ነው። ስላይዱ ስቴንለስ፣ አካሉም ብር የሚመስል። ሁለቱንም በግራጫው ጨርቅ ብዬ ጀመርኩ። ስላይዱ አማረ። አካሉ ግን እንደ እከክ ተላላጠ፣ ሥሩ ነጣ ያለ ሌላ ቀለም ወጣ። ምን ሆነ?


ብረት_ሠሪው • ሰኞ ማታ

አቁም! አካልህ ስቴንለስ አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው። ከስላይዱ ጋር እንዲመሳሰል ብርማ ቀለም ወይም ግልጽ ሽፋን ተቀብቶ ነበር፣ አንተ እሱን ላጥከው። ማግኔት አምጣና ሞክር፤ አሉሚኒየምን አይዝም። ከዚህ በኋላ መፍተግ አያድነውም። ወይ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ ዳግመኛ አስቀባው ወይ እንዳለ ተቀበለው።

ኒኬል የተነከረም አለ፣ እሱም ሰው ያታልላል። ኒኬል ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ብርሃን አለው፣ ስቴንለስ ቀዝቃዛ ግራጫ ነው። ኒኬል ላይ አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማጽጃ አታሳድሩ። ብዙ ጊዜ ከኒኬሉ ሥር ስስ የመዳብ ንጣፍ አለ። ፈሳሹ በስንጥቅ ገብቶ መዳቡን ሲበላው ኒኬሉ ይነሳል።


ቀይ_ቀለሃ • ሰኞ ማታ

ዶቃ የሚረጩበት ቤት ላሰባችሁም አንድ ቃል። ከመስጠታችሁ በፊት ዶቃው አዲስ መሆኑን ጠይቁ። በዛው ዶቃ ሲረጩ የዋሉት ተራ ብረት ላይ ከሆነ ፍርፋሪው ሽጉጡ ላይ ይሰነቀራል። በሳምንቱ ብርቱካናማ ሽፍታ ያወጣል። የኔ እንደዛ ሆኖ ነው የማውቀው። የሠራልኝ ሰው «ውሃ አስነክተኸው ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ።


ጀማሪው_22 • ረቡዕ ማታ

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፍርፋሪውን ማውጣት ብቻ ሙሉ ምሽት ፈጀ። ዘይቱ ከሽጉጡ ላይ እንደ ቡና ጠቁሮ ነው የወረደው። በማግሥቱ ፕላስተሩን ለጠፍኩ። እውነቴን ነው፣ ከማሸቱ ይልቅ መለጠፉ ረዘመብኝ። በግራጫው ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አልመሰለኝም፣ ቀይ ዳማውን ላነሳ እጄን ዘርግቼ ተውኩት። አርባ ያህል ጊዜ ከሳብኩ በኋላ የሽቦው ጭረት እየሳሳ ሄደ። አንድ ጥልቅ ጭረት ብቻ እምቢ አለ። እሱ ላይ ቀይ ዳማውን አሳለፍኩና እንደገና በግራጫው ሸፈንኩት።

አሁን የቀኝ ጎኑ ድሮ የነበረውን ይመስላል። የግራው ትንሽ ብሩህ ሆኗል፤ እዛ ላይ ሳልደገፍ አልቀረሁም። በርሜሉ ሥር ሦስት ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል። ጥፍር ይይዛሉ። እነሱን እስኪጠፉ ልፈትጋቸው?


የድሮ_ተኳሽ • ረቡዕ ማታ

አትፈትግ። ጉድጓድ የሚጠፋው ዙሪያው ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ሲወርድ ነው። ለሦስት ነጥብ ብለህ በርሜሉን ልታሳሳው ነው? አጽዳቸው፣ ዘይት ይግባባቸው፣ ተዋቸው። አጎትህም ቢያዩት ከሦስቱ ነጥብ ይልቅ የተንሸዋረረው ጎን ነው የሚያናድዳቸው። አንድ ቀን ልሸጠው ብትል ደግሞ፣ ሰብሳቢ የሆነ ገዢ ነጥብ ካለበት ይልቅ የተፋቀ ሽጉጥ ላይ ነው ዋጋ የሚጥለው።

የግራውን ለማመሳሰል ጨርቁን ሳትጫን፣ በራሱ ክብደት ብቻ አሥር ጊዜ ሳበው። ይበቃዋል።


ጀማሪው_22 • ረቡዕ ማታ

እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ተውኩት። ከአሁን በኋላ በምን ልጠብቀው? ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚረጨው ፈሳሽ አለኝ።


ብረት_ሠሪው • ሐሙስ ጠዋት

እሱ ውሃ ገፍቶ ለማውጣት የተሠራ ነው፣ ስሙም ከዛ ነው የመጣው፣ ደብሊው ዲ በእንግሊዝኛ «ውሃ ማስወገድ» የሚለው ምሕጻር ነው። ከታጠበ በኋላ ከየስንጥቁ ውሃ ለማባረር ጥሩ ነው። ለወራት ጠባቂ ግን አይደለም፣ ስስ ነው። ከሱ በኋላ ጠርገህ የመሣሪያ ዘይት በስሱ ቀባ። ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ሰም ይሻላል። ሙዚየሞች ለብረት ዕቃ የሚጠቀሙበት ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባል አለ፤ በስሱ ቀብተህ ሲደርቅ ትወለውለዋለህ። የጣት አሻራ አይዝም።

የሚፋተጉ ቦታዎች ላይ ግን ሰም ሳይሆን ቅባት። ስቴንለስ ከስቴንለስ ጋር በደረቁ ሲፋተግ ይነካከሳል፣ እርስ በርሱ ይቦጫጨቃል። የመጀመሪያዎቹ ስቴንለስ ባለ ስላይድ ሽጉጦች በ1970ዎቹ ስማቸው የጠፋው በዚህ ነው። ኋላ የሁለቱን ብረት ጥንካሬ በማለያየት ነው የተሻሻለው። ዝምተኛ_99 ይህ ላንተ ነው።


ኢላማዋ • ሐሙስ ቀን

ማህደሩን አትጣለው፣ ግን ሽጉጡን አታሳድርበት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ እርጥበት መጣጭ ከረጢት አጠገቡ አድርግ። በየወሩ አውጥተህ እየው። 8 ወር ምን ነካህ!


ጀማሪው_22 • ዓርብ ማታ

የግራው ጎን ተስተካከለ፣ ሰሙንም ቀባሁ። አሁን እጀታውን መልሼ ላስር ስል ብሎኑ ራሱ ዝጎ አገኘሁት። ጠቅላላው ስቴንለስ ነው ብዬ አልነበር?


ብረት_ሠሪው • ዓርብ ማታ

ብሎን፣ ስፕሪንግና ፒን ብዙ ጊዜ ተራ ብረት ናቸው። እሱን አትወልውለው፣ ቀይረው። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱ ይለያያል።


ጀማሪው_22 • ዓርብ ማታ

አሮጌውን ኪሴ ከተትኩት። ቀኝ ኪሴ፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልዬ 😄